የበርሜሉ ድብ

ያላወቁትን አወቅሁ ማለት በሰው ፊት ያስመሰግን ይሆናል፤ በድብ ፊት ግን አያድንም። ይህ ታሪክ የሚያስረዳውም ይህንኑ ነው።

«ዘጠና ስድስት! ከመቶ ዘጠና ስድስት!» ኮልተን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ሻይላ፣ ነይ እዪ! አሮጌው ሞዴል እኮ ሰማንያን እንኳ አልፎ አያውቅም።»

ሻይላ ጓንቷን እያወለቀች ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። በሃድሰን ወሽመጥ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማቸው፣ ጥቅምት ሲገባ የዋልታ ድቦች ባሕሩ በረዶ እስኪሆን ድረስ በየቤቱ ጓሮ ይንከራተታሉ። በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው ካሜራ የሚያነሣውን ምስል እየመረመረ፣ ድብ ሲያይ ደወል የሚያስጮኸው፣ ድብን መለየት ከብዙ ምስሎች የተማረ አንድ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንም ሊያሻሽለው ይችላል። ማሻሻያው የሚጸድቀው ግን ሞዴሉ አይቷቸው በማያውቅ፣ ለፈተና ብቻ በተለዩ ምስሎች ተፈትኖ ከቀድሞው ሲበልጥ ነው። በእነዚያ ምስሎች ላይ ድቡ ያለበትን ቦታ በሳጥን ከልለው ያዘጋጁት የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ናቸው።

«ብሪጂት ያንተን ማሻሻያ አይታዋለች?» ስትል ሻይላ ጠየቀች። ብሪጂት ዊኒፔግ ከተማ ሆና ማሻሻያዎቹን የምታጸድቅ መሐንዲስ ናት።

«ማየት ብቻ! ‹ትምህርት ሲዘጋ መጥተህ ከእኛ ጋር ሥራ› ብላኛለች። ነገ ካሜራው ላይ ይጫናል። በቃ ፍሬንድ፣ ከዚህ ፍሪጅ ልወጣ ነው!»

ሻይላ ከልቧ ደስ አላት። አባቱ ከወደቡ ሥራ ከተሰናበተ ወዲህ ኮልተን እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። የፈተናውን ምስሎች እያሳለፈች ስትመለከት ግን እጇ ቆመ። ከጋራዡ ጀርባ በረዶ የለበሰ የጋዝ በርሜል ይታያል፤ ሞዴሉ በቀይ ሳጥን ከልሎ «ድብ» ብሎታል።

«ይሄ እኮ በርሜል ነው።»

«እና? አንዷን ቢስት ምን አለበት? አታካብጂ!»

«አልሳተም፤ ትክክል ተብሎ ተቆጥሮለታል። ከእኛ አንዱ ምስሎቹ ሲዘጋጁ ተሳስቶ በርሜሉን ድብ ብሎ ከልሎታል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኮልተን፣ የመልስ ወረቀቱን ያላየ ሰው ስሕተቱን ጭምር እንዴት ይገለብጣል?»

ኮልተን ጆሮው ቀላ።

«ሞዴሉን ለማሠልጠን የፈተናውን ምስሎች ተጠቅመሃል?»

«ጥቂቶቹን።»

«ምን ያህሉን?»

«ሁሉንም» አለ፣ ወለሉን እያየ። «እሺ፣ መልሱን ሸመደደ እንበል! ማን ይጎዳል? ድብ ያው ድብ ነው።»

ሻይላ ካሜራው ትናንት ያነሣቸውን ምስሎች ለሁለቱም ሞዴሎች ሰጠች። በአንደኛው ምስል ውስጥ አንዲት እናት ድብ ግልገሏን አስከትላ የመዋለ ሕፃናቱን አጥር ታክካ ትሄዳለች። አሮጌው ሞዴል ሁለቱንም ከለለ። አዲሱ አንዳቸውንም አላየም።



«አስተካክለዋለሁ» አለ ኮልተን። «ይጫንና በሳምንት ውስጥ አስተካክለዋለሁ፤ በእናትሽ ሻይላ! እኔ ጓደኛሽ አይደለሁም?»

«ጓደኛዬማ ነህ።»

«ታዲያ?»

«ያ ደወል ካልጮኸ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። እስከ እራት ድረስ እጠብቅሃለሁ፤ አንተው ለብሪጂት ደውለህ ብትነግራት ይሻላል።»

«አሳባቂ!» አለና በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

በእራት ሰዓት የሻይላ ስልክ ከሳሕኗ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከኮልተን ግን ምንም መልእክት አልመጣም። ድቦችን ከከተማው የሚያባርረው አጎቷ ሌነርድ አሻግሮ ተመለከታት። «ምነው? የካሪቡው አጋዘን ሥጋ እንደ ጫማ ሆነብሽ?»

«አጎቴ፣ ሰው እንዳይጠላህ ትፈራለህ?»

«እኔ? ግማሹ ከተማ በጥይት ድምፄ እንቅልፍ ነሣኸን እያለ ይረግመኛል!» ሳቀ። ወዲያው ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ። «እፈራለሁ እንጂ የኔ ልጅ። ግን ወጥቼ እተኩሳለሁ።»

ሻይላ ሳሕኗን አንሥታ አጠበች። ከዚያም ማንኛውም ሰው የሞዴሉን ጉድለት የሚያመለክትበትን ገጽ ከፍታ የበርሜሉንና የእናት ድቧን ምስል ጎን ለጎን አስቀመጠች። የሆነውን ብቻ ጻፈች፤ አንድም የስድብ ቃል አልጨመረችም። ስም ሳይገልጹ መላክ ቢቻልም ሙሉ ስሟን ጽፋ ላከችው።

በማግሥቱ ማሻሻያው ተሠረዘ፤ አሮጌው ሞዴልም በቦታው ቀረ። ኮልተን ለአንድ ዓመት ምንም ዓይነት ኮድ እንዳያቀርብ ታገደ፤ ቃል የተገባለት ሥራም ቀረበት። ከዚህም በላይ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እየቆየ፣ ሞዴሉን አሠልጥኖባቸው ባበላሻቸው የመፈተኛ ምስሎች ምትክ አዲሶችን በገዛ እጁ እየከለለ እንዲያዘጋጅ ተፈረደበት። ከሚሠራቸው ሳጥኖች አንዱም ቢሆን ሻይላ ሳትመረምረው እንዳይጸድቅ ተወሰነ።