ሰገሌ የዘመቱት አራት ስሞች

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። አዝመራው ግን ጎረቤቴ ነው፤ የሆነውን ሁሉ ከአፉ ሰምቻለሁ፣ ከቀባሪዎቹም አንዱ ነበርኩ።

ላሊበላ። ያለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ውጭው ጉም ብቻ...

አዝመራው አስጎብኚ ነው፤ በክረምት ደግሞ እንግዳ የለም። ሚስቱ እየሩስ ለፍልሰታ ቅዳሴ ስትሄድ የአራት ወር ልጃቸውን ትሕትናን ትታለት ነበር። ሕፃኗ ጓዳ ተኝታ ትስላለች።

«ሳሏን አዳምጥ። ከባሰባት ጥራኝ» ብላዋለች።

እሱ ግን ሐሳቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድ ቱሪስት ትቶለት የሄደው የጦርነት ጨዋታ፤ ለብቻ የሚጫወቱት፣ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ። የወረቀት ካርታ፣ አንድ ዳይስ፣ በወታደር ፈንታ የሚሰለፉ ትንንሽ የካርቶን ቁራጮች። ጦርነቱ ሰገሌ፣ ጥቅምት 1909። ተጫዋቹ የወሎን ጦር ይመራል፤ የሸዋን ጦር ዳይሱ ይመራዋል።

አሥር ጊዜ ተጫውቶ አሥር ጊዜ ተሸንፏል። እልኸኛ ነው፣ ሽንፈት ሞቱ ነው።

ያን ቀን «ስም የሌለው ሰው እንዴት ይዘምታል?» ብሎ ሳቀ።

ኪሱ ውስጥ የእየሩስ ወረቀት አለ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ላሉት ቄስ ለጸሎት እንዲያደርስላት የሰጠችው የሕሙማን ስመ ክርስትና ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አላደረሰውም። አራት ስም... አራቱን በአራት ካርቶን ላይ ጻፋቸው።

መጀመሪያ ገብረ ሊባኖስ ወደቀ።

ወዲያው... የእድር ጥሩምባ።

በዚህ ሰዓት ጥሩምባ ሰምቶ አያውቅም።

«መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ አርፈዋል!»

ሽማግሌ ናቸው፣ ታመው ከርመዋል ብሎ ዳይሱን ወረወረ። አመተ ጊዮርጊስ ወደቀች።

ጥሩምባው እንደገና...

«እትዬ ገለቴ አርፈዋል!»

ገለቴ አክስቱ ናቸው። ስመ ክርስትናቸው አመተ ጊዮርጊስ ነው።

ወረቀቱን እንደገና አየ። የቀሩት ሁለት ናቸው። ወለተ ሥላሴ እናቱ ናት። ሌላዋን፣ አስካለ ማርያምን፣ አያውቃትም።

ሊያቆም ፈለገ። ካርታውን አንስቶ ገለበጠው... ካርቶኖቹ አልወደቁም።

እናቱ ተከባለች። ከከበባው የምትወጣው ሌላዋ ፊት ሆና ከሞተችላት ብቻ ነው።

«ማንም ሁኚ» አለ በሹክሹክታ፣ «እናቴን አትበልጪም።»

ገፋት።

ዳይሱ አንድ አወጣ። አስካለ ማርያም ወደቀች፣ እናቱ አመለጠች፣ ወሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ።

ጥሩምባ የለም... እፎይ አለ። እንዲያውም ፈገግ ብሏል። ቤቱ ጸጥ ሲል ልብ አለ፤ ሕፃኗም ሳሏን ትታለች።

«ተመስገን፣ ተሻላት» አለ።

እየሩስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ገባች። ቀጥታ ወደ ጓዳ...

ጩኸቷን እኔ ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።

ለፍትሐት የመጡት ቄስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ልጆቼ፣ ስመ ክርስትናዋን ንገሩኝ።»

አዝመራው አያውቀውም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እንግዶች ይዞ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህም አልጠየቀም።

«አስካለ ማርያም» አለች እየሩስ። ወደ እሱ ዞረች። «ዝርዝሩ ላይ ጽፌልህ ነበር እኮ... አድርሰኸዋል አይደል?»

ከቀብር መልስ ጨዋታውን በቆርቆሮ ሣጥን ዘግቶ አመጣልኝ።

«አንተ ጣልልኝ... እኔ አልችልም።»

ተቀብዬው ወደ ገደሉ ወረድኩ። አፋፉ ላይ ስደርስ እጄ ውስጥ የሆነ ነገር ነዘረኝ። ሣጥኑን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

ውስጡ... ሕፃን ትስላለች።