የጠፋው አሥራ ሁለት ኪሎ

አሥራ ሁለት ኪሎ ጠፍቷል።

ሳህሌ ሚዛኑን አጥፍቶ እንደገና አበራው። ሚዛኑ አራት ሳህን አለው፤ በመኪናዋ እያንዳንዱ ጎማ ሥር አንድ። ቁጥሩ አልተለወጠም። ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ።

ግድግዳው ላይ በራሱ እጅ በጠመኔ የጻፈው ግን ስምንት መቶ ሃያ አራት ይላል።

ሄራን ከኋላው ዘለለች።

"ኤይት ትዌልቭ! ጋሼ ሳህሌ፣ ደረስን እኮ!"

"አልደረስንም" አለ። "እዚህ ቤት ሰው ገብቷል።"

"ምን ማለት ነው?"

"እኛ ያላወጣነው አሥራ ሁለት ኪሎ ከመኪናዋ ወጥቷል።"

ጋራዡ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡር ድልድዩ ሥር ካሉት ቅስቶች አንዱ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። መኪናዋ ጥቁር የድሮ ፎርድ ናት፤ ሳህሌን በዕድሜ የምትበልጠው በጥቂቱ ነው። የሄራን አባት ደግፌ ገዝቶ ለቀጥታ ውድድር የሠራት ናት። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ አራት መቶ ሜትሩን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ደግፌ ከሁለት ዓመት በፊት በሕመም ሞተ። ሄራን በመጪው እሑድ በአባቷ መኪና አባቷ ያስመዘገበውን ሰዓት ልትሰብር ተመዝግባለች። ሌላ ምኞት የላትም።

ሞተሩ ትንሽ ነው። የነበራቸው መንገድ ክብደት መቀነስ ብቻ ነበር።

ሦስት ወር ቀነሱ። የጎን መስታወቶቹ በፕላስቲክ ተተኩ። ማሞቂያው ወጣ። የኋላ ወንበሩ ወጣ። የብረቱ ኮፈን በፋይበር ተለወጠ። ሳህሌ ትርፍ የሆነ የብሎን ጫፍ እንኳ አላስቀረም፤ ቆረጠ። የወጣውን ሁሉ በመንጠልጠያ ሚዛን ሰቅሎ፣ መዝኖ፣ ግድግዳው ላይ ጻፈ። ስድሳ ስድስት ኪሎ ሞላ። ከዚያ ቆመ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ወዲያ ወዲህ ቢሉ አንድ ኪሎ አልወጣም። አብሯቸው የሚሠራው በያጅ ንዋይ ያሰላው ደግሞ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነች የደግፌን ሰዓት አትሰብርም።

የቀረ አንድ ነገር ነበር፤ የሹፌሩ ወንበር። ሳህሌ በመጀመሪያው ሳምንት እናውጣው ብሎ ነበር። ሄራን አይሆንም አለች። የአባቷ ጀርባ ያረፈበት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም።

"ቤንዚን ይሆናላ" አለች አሁን።

"ያኔም ባዶ ነበር፤ አሁንም ባዶ ነው።"

"ሚዛኑ ተበላሽቶስ?"

ሳህሌ መኪናዋን አውርዶ ራሱ አንዱ ሳህን ላይ ወጣ። ሃምሳ ስምንት። ሰኞ ክሊኒክ ሲመዘንም ሃምሳ ስምንት ነበር። ወረደ።

"ሚዛኑ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምን ቸገረዎት? ቀለለች አይደል? ስድስት ሳምንት ስንለፋ..."

"ከፍሬኑ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከመሪው ሊሆን ይችላል። ከየት እንደጎደለ ሳላውቅ አትነጂያትም።"

"ሲሪየስ ነዎት? እሑድ እኮ ነው! ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ሆቴል ይዣለሁ..."

ሳህሌ የእጅ ባትሪውን አነሳ። መኪናዋ ሥር ገባ።

ጋራዡን የዘጋው ረቡዕ ማታ ነው፤ ለስቅለትና ለፋሲካ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። አብዛኛውን ዓመት እንዲህ ነው። እንግሊዞቹ ፋሲካቸውን ከጨረሱ ከሳምንታት በኋላ እሱ ይዘጋል፤ ደንበኞቹ ይነጫነጫሉ፤ እሱ አይሰማም።

ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነው። አንዱ ራሱ። አንዱ ንዋይ። አንዱ የጎረቤቱ ቅስት ባለቤት አኑዋር፤ የእሳት ደወል ቢጮህ እንዲከፍት።

አኑዋር ጎማ ይሸጣል። ቁርጥራጭ ብረትም ይገዛል።

ሳህሌ እጁን ጠርጎ ወደ ጎረቤት ሄደ።

"እንኳን አደረሰህ ጋሼ" አለ አኑዋር፣ ጎማ እያገላበጠ። "ዶሮው እንዴት ነበር?"

"እኔ ሳልኖር ጋራዤ ገብተህ ነበር?"

አኑዋር ጎማውን ለቀቀው።

"ለምን እገባለሁ?"

"ቁልፉ አንተ ጋ ነው።"

"ደወል አልጮኸ፣ ምን ልሠራ እገባለሁ? ደግሞ አንተው ነበርክ እኮ። ዓርብና ቅዳሜ ግራይንደሩ ብረት ሲቆርጥ በግድግዳው በኩል ሲጮህ ዋለ። እንደውም ዘንድሮ በዓል የለም እንዴ ብዬ ነበር።"

"ዓርብ?"

"ዓርብ።"

"ስቅለት ዕለት ከኛ ሰው ብረት የሚነካ የለም።"

"እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ።"

"ከኛ ሰው አይነካም አልኩህ።"

አኑዋር ፊቱ ጠቆረ። "ስለዚህ እኔ ነኝ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነን።" ከኪሱ የቁልፍ ዘለላውን አውጥቶ የሳህሌን ፈትቶ ጎማው ላይ አስቀመጠለት። "ውሰድ።"

ሳህሌ ወሰደው።

ሄራን በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። "ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ። ሰውየውን እኮ ሰደቡት።"

"ሥራሽን ሥሪ።"

ሥራው መፈለግ ነበር። ፍሬኑን ፈቱ፤ ደህና ነው። መሪውን ፈቱ፤ ደህና ነው። ሳህሌ የወለሉን ላሜራና የራሱን ብየዳ ድምፁን እየሰማ አንድ በአንድ በመፍቻ መታ፤ ደህና ነው። አራት ሰዓት ሄደ። ሄራን መፍቻ ወረወረች። ራሷ ሄዳ አነሳችው።

አንድ ነገር ሳህሌ አልመታም። ከሹፌሩ ራስ በላይ የሚዞረውን የመከታ ቧንቧ። መኪናዋ ብትገለበጥ የሹፌሩን ራስ ከአስፋልቱ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የበየደው ንዋይ ነው። የውድድሩ መርማሪ መጋቢት ላይ አይቶ ፍተሻ ማለፉን የሚመሰክረውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ፣ የማለፊያ ሳህኑን፣ በሪቬት ሚስማር አስመትቶበታል። የባልደረባን ብየዳ በመፍቻ መምታት ደግሞ አላምንህም ማለት ነው። ሳህሌ አድርጎት አያውቅም።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ሄራን።

ከሹፌሩ ወንበር ሥር በእጇ እየዳሰሰች ነበር። መዳፏ ላይ የደረቀ፣ የተጠማዘዘ ቅጠል አለ። አንድ ጎኑ ተቃጥሏል።

ሳህሌ አየው። ከዚያ የራሱን ጣት አየ። የሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የወሰደው የዘንባባ ቀለበት አሁንም ጣቱ ላይ ነው። ሄራን ያመጣችውም የዘንባባ ቀለበት ነው።

"ሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ነበር?"

"ሥራ ነበርኩ። ለምን?"

ሳህሌ ቀለበቱን ተቀብሎ ወደ ጎረቤት ተመለሰ። አኑዋር ቀና አላለም።

"በድዬሃለሁ" አለ ሳህሌ። ቁልፉን ጎማው ላይ መልሶ አስቀመጠ። "ዓርብ የሰማኸው እውነት ነው። የኛ ሰው ነው።"

አኑዋር ቁልፉን ለጊዜው አላነሳውም። "ማን?"

ሳህሌ የተቃጠለውን ቀለበት በመዳፉ ጨበጠ። የሚያስበው የትንሣኤን ሌሊት ነበር። ንዋይ ከጎኑ ቆሞ ዐይኑ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንባው ይወርድ ነበር። ሳህሌ ሕማማቱ ገብቶት፣ ደግፌም ትዝ ብሎት ነው ብሎ ነበር። ትከሻውን አቅፎት ነበር።

ንዋይ በዘጠኝ ሰዓት እየሣቀ ገባ።

"እንኳን አደረሳችሁ! ምነው ፊታችሁ? ስንት አለ ሚዛኑ?"

"ስምንት መቶ አሥራ ሁለት" አለ ሳህሌ።

"እግዚአብሔር ይመስገን! አላልኩሽም ሄራንዬ?"

ሳህሌ ጠበቀ። ንዋይ ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለ።

"ከየት እንደጎደለ አትጠይቀኝም?"

"እ?"

"ስድስት ሳምንት አንድ ኪሎ አጥተን ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ተገኘ። ከየት ነው አትለኝም?"

"ያው... ካወጣነው ነዋ።"

"ዓርብ የት ነበርክ?"

"ቤተ ክርስቲያን። ሰው ሞልቶ ውጭ ድንኳኑ ሥር ነበርኩ፣ ነግሬህ የለ።"

"የዘንባባ ቀለበትህስ?"

ንዋይ ጣቱን አየ። "ወደቀብኝ። ባስ ላይ መሰለኝ።"

ሳህሌ መዳፉን ዘረጋ። የተቃጠለው ቀለበት እዚያ ላይ ነበር።

"እዚህ ነው የወደቀው። ከወንበሩ ሥር።"

"ሆሳዕና ማታ እዚህ ነበርን እኮ፤ ያኔ ይሆናል።"

"ሆሳዕና ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ አልከፈትኩም። ረቡዕ በሩን ስንዘጋ ደግሞ ጣትህ ላይ ነበር።"

ባቡር አለፈ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

"ቅዳሜ ማታ ዐይንህ ምን ሆኖ ነበር?"

"አለቀስኩ። ማልቀስ ወንጀል ነው?"

"ያለቀሰ ሰው ዐይኑን ይጠርጋል። አንተ አሸዋ እንደገባበት ሰው ታሽ ነበር። የብየዳ ብርሃን ነው የመታህ። የፊት መከለያው ከጣሪያው ሥር አልገባ ብሎህ ያለ መከለያ በየድክ።"

ሳህሌ መፍቻ አነሳ። የራሱን ብየዳ መታ። ድምፁ ወፍራምና አጭር ነበር። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የንዋይን ቧንቧ መታ።

ቧንቧው ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ድምፁ ቆየ።

ሄራን አንገቷን በእጇ ያዘች።

"የማለፊያ ሳህኑ ሪቬት አዲስ ነው" አለ ሳህሌ፣ ጎንበስ ብሎ እያየ። "ከአሮጌው ነቅለህ እዚህ መታኸው። ቀለሙ ላይ ጥላሸት ቀላቅለህ አሮጌ አስመሰልከው። እኔም አላየሁም። ያንተ ሥራ ነው ብዬ አላየሁም።" ትራፓኖውን አንስቶ ቀጭን መብሻ ገጠመበት። "ልበሳውና ውፍረቱን ልለካ?"

"አትብሳው" አለ ንዋይ። "ግማሹ ነው። የድሮው ሦስት ሚሊ ነበር። ይሄ አንድ ተኩል ነው።"

"ዋት?" አለች ሄራን። "ከራሴ በላይ ያለውን?"

"ጥሩ ብረት ነው ሄራንዬ። እኔ ነኝ የማውቀው። ያኔም ለአባትሽ ነግሬው ነበር፤ ቀጭኑ ይበቃል ብዬ። ሳህሌ ወፍራም ይሁን አለ፣ አባትሽም ሳህሌን ሰማ። በዚያ ዓመት በአንድ ጎማ ርቀት ተሸነፍን። በአንድ ጎማ! እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ለዚህ ነው?" አለ ሳህሌ።

"ለዚህ ነው! ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መጥቼ ስድስት ዓመት ጥገኝነት ጠያቂ ሆኜ ክሮይደን እየሄድኩ ፈረምኩ። የምለውን የሚያምን አንድ ሰው አልነበረም። እዚህም ያው ነው። እሷ ወንበሩን አልሰጥም አለች፣ አንተ ሌላ መንገድ የለም አልክ፣ እኔ መንገዱን አውቀው ነበር። አንድ ጊዜ ትክክል ነበርክ ንዋይ ብትሉኝ ምናለ?"

"ብገለበጥስ?"

"አትገለበጪም።"

"ጋሽ ንዋይ፣ ብገለበጥስ?"

ንዋይ ቀና ብሎ ቧንቧውን አየ።

"ልጅህን ታስቀምጥባታለህ?" አለችው። ዋይት ሲቲ ሰፈር የምትኖረውን የሰባት ዓመት ልጁን ታውቃታለች፤ ጸጉር ሠርታታለች።

ንዋይ ከመኪናዋ ራቀ። ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

"አሮጌውስ ቧንቧ?" አለ ሳህሌ። "ለአኑዋር ሸጥከው?"

"ቤት ነው። በረንዳዬ ላይ።"

"ለምን?"

"የደግፌ እጅ ያረፈበትን ብረት እንዴት እጥላለሁ?"

ሄራን ተነሥታ ወጣች። ከውጭ የብረት በሩን በእግሯ ስትመታው ተሰማ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ በስልክ በእንግሊዝኛ ለእሑዱ ውድድር እንደማትደርስ ስትናገር፣ ምክንያቱን ሲጠይቋት "ሄልዝ ሪዝንስ" ብላ በጤና ስታሳብብ ሰሙ።

"ፖሊስ ትጠራለህ?" አለ ንዋይ።

"እሷ ትወስን። ለውድድሩ መርማሪ ግን ዛሬውኑ አንተው ትነግረዋለህ።"

ተመልሳ ገባች። ዐይኗ ደርቋል። መፍቻ ይዛ በሹፌሩ በር ገባች። አራት ብሎን ፈታች። አንዱ እምቢ አላት፤ ረገመችው፤ ፈታችው። የአባቷን ወንበር አቅፋ ወጥታ በመንጠልጠያ ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው።

"ሰቨንቲን" አለች።

"አሥራ ሰባት" አለ ሳህሌ። "አዲሱ አምስት ይመዝናል።"

ሄራን ጠመኔውን ወስዳ ልዩነቱን ግድግዳው ላይ ራሷ ጻፈችው፤ አሥራ ሁለት።

"የድሮውን ቧንቧ ነገ አምጣና መልሰህ በይደው" አለችው ንዋይን፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። "ጋሼ ሳህሌ እያንዳንዱን ብየዳ ይመቱታል።"

"ይምታው" አለ ንዋይ።