ሁለት ኢንሹራንስና አንድ ጭረት

ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይላታል። ኬክ ጋጋሪ ናት፤ የጋገረችውን ራሷ ነድታ ታደርሳለች። ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ከኋላ ጭኖ እንደ ሌላው ሰው መንዳት ከየት ይመጣል! መኪናዋ ከአባቷ የወረሰቻት አሮጌ ነጭ ናት። ከኋላ ጥሩምባ ሲነፉባት እጇን በመስኮት አውጥታ «እለፍ የኔ ጌታ፣ ቀድመኸኝ ድረስ» ትላለች እንጂ ነዳጅ አትረግጥም።

አንድ ሰሞን የመኪናዋ ኢንሹራንስ ሊያበቃ ደረሰ። የድሮው ድርጅት «አሮጌ መኪና አናድስም» ብሎ መለሳት። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ መንገድ መውጣት የለም፤ መንገድ ካልወጣች ኬኩ ማን ቤት ይደርሳል? ሁለት ድርጅቶች ቀሩላት። አንደኛው የእህቷ ባል የሚሠራበት ነው።

«አንቺ ብቻ ፈርሚ፣ ሌላውን ለኔ ተዪው» አላት በስልክ።

«መኪናዋን ሳታያት?»

«መኪና መኪና ነው፤ ምኑ ይታያል!»

ሁለተኛው ድርጅት ግን መኪናዋን የሚያይ መርማሪ ላከ።

ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ ወጣት ነው። ኮፍያውን አውልቆ ከጎማው አጠገብ ተንበረከከ። መኪናዋን ሲዞራት የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ይመስል ነበር።

«የኋላ መብራቱ እንዴት ተሰበረ፣ እመቤቴ?»

«እመቤቴ አትበለኝ፣ አያትህ አይደለሁም። አንዱ የቆምኩ መስሎት ገጨኝ።»

«ቆመሽ ነበር?»

«ኧረ እየነዳሁ ነበር!»

ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች። ከዚያ በግራው በር ላይ ካለው ረጅም ጭረት ሲደርስ ፎቶ ማንሳቱን ተወት አደረገ።

«ይቺን አትጠይቀኝ» አለችው።

«አልጠይቅም። ሌላው ሁሉ ቀለም ተቀብቷል፤ ይቺ ብቻ ሆን ተብላ ቀርታለች። የምትወጂው ሰው ነገር አለባት።»

ጭረቷን በጣቷ ዳሰሰቻት። አባቷ መንዳት ሲያስተምሯት ከግቢው በር ብረት ጋር አጋጭታ የጫረቻት ናት። ያን ዕለት አልተቆጧትም፤ «እንግዲህ መኪናዋ ያንቺ ሆነች፣ ፈርመሽባታል» ነው ያሏት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእሱ ነገረችው። ሲሰማት ዐይን ዐይኗን ያያት ነበር፤ ቀና ስትል ግን ዐይኑን ወደ ጎማው መለሰ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። የሞተሩ ቁጥር ፎቶው ላይ ደብዝዞበታል። ሌላ ቀን ደግሞ ትርፍ ጎማውን ሳያይ ረስቶ ኖሯል። እንዲህ የሚረሳ መርማሪ አይታም ሰምታም አታውቅም፤ ቢሆንም ከየኬኩ ቆረጥ አድርጋ ለእሱ ማስቀመጥ ጀመረች።

ይሄኔ ታላቅ እህቷ ደወለች። «የገዛ ዘመድሽ እያለ ባዳ ጋ ልትሄጂ? ባሌ ቢሮው ውስጥ ምን ይባላል?»

ሐሳቧ ለሁለት ተከፈለ። መርማሪው ልጅ ሲመጣ የኬኩን ሳህን አቀበለችውና ጠየቀችው። «አንተ በኔ ቦታ ብትሆን የትኛውን ትመርጥ ነበር?»

የጎረሰውን ለመዋጥ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። «የእህትሽን ባል ድርጅት» አለ መሬት መሬት እያየ።

«የናንተ ምን ጎደለው?»

«የኛማ ይሻላል።»

«ታዲያ?»

«እንዲያው ነው…» አለና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ቁራሹን እንኳ አልጨረሰም።

«ደንበኛው እንድሆን እንኳ አይፈልግም» አለች ለራሷ። ያን ቀን በኬኩ ላይ የሠራቻቸው አበቦች ሁሉ አንገታቸውን የደፉ ሆኑባት።

አድራ ስታስበው ግን ልቧ ረጋ። ሁለተኛውን ድርጅት የመረጠችው እሱን ለማስደሰትም፣ በእልህም አልነበረም። ለእህቷ ደወለች። «እቴትዬ፣ አትቀየሚኝ። ባልሽ መኪናዬን አላያትም። አንድ ቀን አደጋ ቢደርስባት፣ ምን እንደነበረች ሳያውቅ ምን እንደጎደላት በምን ያውቃል?»

እህቷ ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። እሱም ነገሩን ሰምቶ ከት ብሎ ሳቀ። «እንኳንም ቀረብኝ! በየመንገዱ የቆምሽ እየመሰላቸው ሲገጩሽ እኛን ልታከስሪን ነበር።»

ሁለተኛውን ድርጅት እንደመረጠች አስታወቀች። ልጁ ይመጣል ብላ ሳህን አሰናድታ ስትጠብቅ፣ የመጡት ባለ መነጽር ሽማግሌ ሆኑ።

«መኪናሽን እንደ አዲስ ልመርምራት ነው፣ ልጄ። የዚያ ልጅ ምርመራ ተሰርዟል።»

ክው አለች። «ምን አጥፍቶ ነው አባባ?»

«ራሱ ነው ያሰረዘው። ደንብ አለን፤ ማንም የዘመዱን መኪና አይመረምርም። ‹ዘመድህ ናት እንዴ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ገና ናት› አለኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን እየጠረጉ ቀጠሉ። «‹ሌላ ድርጅት ብትገባልኝ ደንቡ አይይዘኝም፣ ያለ ሐፍረት የልቤን እነግራታለሁ› ብሎ አስቦ ኖሯል። አንቺ ደግሞ እኛን መረጥሽ! ብልጥ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይነግርሽ ነበር።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ማዶ፣ መኪና ውስጥ። ሥራዬን እስክጨርስ ንቅንቅ እንዳትል ብዬዋለሁ። እኔ ደግሞ ስመረምር አልቸኩልም።»

እጇ ዱቄት እንደሆነ ወደ በሩ ሄደች። ማዶ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በመስኮቱ ያያታል። ከመኪናው አልወረደም፤ ታዟላ። መንገዱን የተሻገረችው እሷ ናት። ቀስ ብላ አይደለም፤ ሰፈሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮጥ አያት።

«ቁራሽህን ሳትጨርስ ነው የሄድከው» አለችው በመስኮቱ።

«አስቀምጠሽልኛል?»

«መቼ ጣልኩት!»

ዛሬ ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። ኬክ ሲያደርሱ እሷ ትነዳለች፣ እሱ ኬኩን ደግፎ ይይዛል፣ ከኋላቸው ጥሩምባው ይንጫጫል። ውሉ በታደሰ ቁጥር የሚመጡት ያው ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ዞረው ዞረው ከግራው በር ሲደርሱ «አሁንም አላስጠገናችኋትም?» ይላሉ።

እሱ የቤቱ በር ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። ወደ መኪናዋ ግን አንዲት እርምጃ አይጠጋም። ዘመድ ሆኗላ።