የተሰነጠቀው መስተዋት

ስደርስ ስድስቱ ሠልጣኞች በማሠልጠኛው በር ላይ ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር። የብየዳ መምህራቸው ከኋላቸው ቆሟል፤ የሚያየው ግን መሬት መሬቱን ነው።

ያኔ የሙያ ፈታኝ ነበርኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከከተማ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ ወደዚያ ገጠር እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ይኸው መምህር የተበጠሰ የቦርሳዬን ማንጠልጠያ በሽቦ ጠገነልኝ። በሦስተኛው ጉዞዬ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት በኩል፣ «በሚቀጥለው፣ ፈተናው ሲያልቅ የምጠይቅሽ ነገር አለ» አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ያቺን ቃል ይዤ ከረምኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ፈታኟ» አለኝ። «የድልድዩ ተቋራጭ ነገ ቀትር ላይ ይመጣል። የምስክር ወረቀት ያለውን ይቀጥራል፤ የሌለውን ዞር ብሎም አያየውም።»

«ካላለፉስ?»

«ማሠልጠኛው ይዘጋል። ቁርጡን ነግረውናል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያኔ አንቺም ወደዚህ የሚያመጣሽ ነገር የለም።»

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ሁሉም «ትንኟ» የሚላት፣ ደቃቃና አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች።

«እትዬ፣ አፍጥጠው አይዩኝ። ስደነግጥ እጄ ይሮጣል።»

«የአፍሽ ሩጫ አነሰና?» አላት መምህሯ። ጓደኞቿ ሳቁ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ትንኟ የፊት መከላከያውን ማስክ በግራ እጇ ያዘች። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ብረቱን ነክቶ ቦግ ሲል ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። እጇ አልቆመም። የጋለ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር እየተንጫጫ፣ ሳይቆራረጥ፣ እስከ ዳር ሄደ።

ብረቱን በማጥበቂያው ሞርሳ አሥሬ በመዶሻ መታሁት። ጎበጠ እንጂ ብየዳው አልተላቀቀም።

«ለምን ፊትሽን አዞርሽ?»

«እንደዚያ ነዋ የሚበየደው» አለች ግራ ገብቷት። «ድምፁን እየሰሙ።»

ማስኩን ተቀብያት ወደ ብርሃን ያዝኩት። ጥቁሩ መስተዋት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ የብየዳው ብርሃን በስንጥቁ ገብቶ ዓይን ያቃጥላል። ለስድስቱም ለመምህራቸውም ያለው እሱ ብቻ ነው። ቀና ብዬ የመምህሩን ዓይኖች አየሁ። ቀልተው እንባ አቅርረዋል። እኔ ሞኟ የመንገድ አቧራ መስሎኝ ነበር።

«ከተሰነጠቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«ስድስት ወሩ፤ ባለፈው አንቺ በሄድሽ ማግስት ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ይላካል አሉ። እስኪላክ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ? በድምፅ አስተማርኳቸው።»

ቅጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር ግልጽ ነው፦ ፊቱን ሳይከልል የበየደ ይወድቃል። ብዕሬን አወጣሁ።

«እጃቸውን ፈትኚ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድህነታቸውን አትፈትኚ።»

«ዓይናቸውስ? ያንተስ ዓይን?»

«የእኔን ተይው።»

«አልተወውም።»

ከአፌ አመለጠኝ።

አለፈም ወደቀም አልጻፍኩም። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩና ለመመለስ በተዘጋጀው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። የት እንደምሄድ አልነገርኩትም፤ የምፈልገውን እንደሚሰጡኝ እርግጠኛ አልነበርኩም። የሸሸሁ መሰለው። «በይ ደህና ሁኚ» ብቻ አለኝ። የሚጠይቀኝን ነገር አላነሳውም።

ከተማ ስደርስ በቀጥታ ወደ ኮሌጃችን ግምጃ ቤት ሄድኩ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ ዕቃ ጠባቂው።

«ማንም። በስሜ ጻፈው፤ ከጠፋ እኔን ያዙኝ።»

በማግስቱ ሌሊት በወጣው አውቶቡስ ተነስቼ ረፋድ ላይ አራት ማስክ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ደረስኩ። ሠልጣኞቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እሱ የጄኔሬተሩን ገመድ ይጠቀልል ነበር። ከረጢቱን ስፈታ እጁ ቆመ፤ ከዚያ ገመዱን መልሶ ዘረጋው።

ትንኟ ማስኩን አጥልቃ ጀመረች። ኤሌክትሮዱ ተጣበቀ። አላቀቀችው፤ ደግሞ ተጣበቀ።

«ጋሼ፣ እሳቱን አይቼው አላውቅማ! ሳየው እጄ ይደርቃል!»

የተቋራጩ መኪና በሩ ላይ ጡሩንባ ነፋ። መምህሯ አጠገቧ በርከክ አለ።

«እንደ ልማድሽ ስሚ። ዓይንሽ ሥራ የለውም፤ ዝም ብሎ ይከተል።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ድምፁ መጣ፤ ሳይቆራረጥ እስከ ዳር ሄደ። ብረቱን በመዶሻ መታሁት፤ አልተላቀቀም።

አምስቱ አለፉ። አንዱ ወደቀ፤ በዓመቱ ተመልሶ አለፈ።

ግቢው ጭር ሲል፣ «የምትጠይቀኝ ነበር» አልኩት።

«ትናንት ስትሄጂ ትቼው ነበር።»

«ዛሬስ?»

ዓይኖቹን በክንዱ ጠረገ። «እስቲ ቀረብ በይ። ከዚህ ሆኜ ፊትሽ አይለይልኝም።» ከዚያ፣ «እንዲህ ያለውን ሰው ታገቢዋለሽ?» አለኝ።

ፊቴ እስኪለይለት ድረስ ቀረብኩት።

እስኪያርፍ ድረስ አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖርን። መጨረሻ ላይ የሚያየው ጥላ ብቻ ነበር። በበር ስገባ ግን እንደደከመኝ በእርምጃዬ ያውቅ ነበር።

ትንኟ አሁን መንገድ ዳር የራሷ የብየዳ ቤት አላት። አንዳንድ ጊዜ እሄዳለሁ። ስትበይድ አልጠራትም፤ ውጭ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን እሰማለሁ። ስትጨርስ ማስኩን ወደ ግንባሯ ታነሳለች።

«ውይ እትዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው የቆሙት?»

«አሁን ነው የደረስኩት» እላታለሁ።