ንብ ያልነደፈው አናቢ

ንብ አናቢው ከተገለበጠ ቀፎ አጠገብ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ጎረቤቱ ሁሉ «ንቦቹ ጨረሷቸው» አለ። መርማሪዋ ግን ተንበርክካ ፊታቸውንና እጃቸውን አገላብጣ ስታይ አንድም የተነደፈ ቦታ አጣች። አፋቸው ላይ አረፋ ደርቋል፤ ጫማቸው ላይ የፖም አበባ ተለጥፏል።

ንቦቹ በየቀፎው ደጃፍ እንደ ፈሰሰ እህል ወድቀዋል። አንዷን አነሳች። ምላሷ ወጥቶ ቀርቷል፤ እግሮቿ ቢጫ የአበባ ዱቄት እንደ ተሸከሙ ናቸው።

«ሃምሳ ቀፎ ነበረን፤ በየዓመቱ እያለቀ ሰባት ቀረ» አለች መምህርት የሆነችው ልጃቸው። «አባቴ አጎቴን ‹ንቦቼ ካለቁ ያንተም ፖም አያፈራም› ይለው ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ደህና ነበር።»

አጎትየው የሟቹ ወንድም፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የፖም እርሻ ባለቤት ነው።

«ፀረ ተባይ ረጭተዋል?» አለችው መርማሪዋ።

«እኔ መርጫ አልነካም። ቁልፉ ከሠራተኛዬ እጅ አይወጣም። የሚረጨውም ማታ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ነው።»

ሠራተኛው ኮፍያውን እያሻሸ፣ «አበባ ላይ ርጭ ሲለኝ ትናንት ቁልፉን መልሼ ሥራውን ለቀቅኩ። ዛሬ ከሚስቴ ጋር ክሊኒክ ነው የዋልኩት» አለ። መርማሪዋ ክሊኒኩ ሄዳ ጠየቀች፤ እውነቱን ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ እሳቸው ላይ የለም። ንቦቹም የሞቱት በመርዝ ነው፤ የተመረዘች ንብ ምላሷ ወጥቶ ይቀራል። እግራቸው ላይ ዱቄት አለ፤ ስለዚህ መርዙ ያገኛቸው በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ ላይ እያሉ ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ያንኑ መርዝ ከሟቹ ልብስ ላይ አግኝቷል። ጫማቸው ደግሞ ፖሙ መሀል እንደነበሩ ይናገራል። እዚያ ወድቀው ሳለ፣ እዚህ አምጥቶ ቀፎ የገለበጠባቸው ሰው አለ። የመርጫው ቁልፍ በእጁ የነበረ ሰው።»

ሁሉም ወደ አጎትየው ዞሩ።

«ማታ ዝናብ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ» አለ። «ተባዩ ሳይቀድመኝ ብዬ… ወንድሜ እየሮጠ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ‹ዝጋው! ዝጋው!› ይላል። ይህን ረድፍ ብቻ ልጨርስ አልኩ። ስጨርስ ወድቋል።»

«ያኔ በሕይወት ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ስሜን ጠራኝ።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት አታደርሰውም?»

መርማሪዋ ክንዱን ስትይዘው፣ «ከመሄዳችን በፊት፣ ዛሬ ቀብሩ ላይ ሬሳውን ልሸከም?» ብሎ ለመነ።

መርማሪዋ ልጅቷን አየቻት።

«ሌላ ወንድም የለውም፤ ይሸከመው» አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ከዛሬ በኋላ ግን አጎቴ ብዬ አልጠራህም» አለችው።