የከይረዲን ባልዲ

ነጋዴው ከይረዲን በሰው አገር፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ፣ አልጋው ላይ በትራስ ታፍኖ ከተገኘ ልክ ዓመቱ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ትርንጎም ገድላዋለች ተብላ ዓመቱን እስር ቤት ከርማለች። ዛሬ ዳኛ ኻሊዳ ተከራካሪዎቹን ሁሉ እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። በሰባት ሰዓት የሟቹን ክፍል ኤሲ ራሷ ከፍታ፣ ኤሲው የሚያንጠባጥበውን ውሃ የሚቀበለውን ባልዲ ባዶውን ከቱቦው ሥር አስቀምጣ፣ ለማንም ሳትነግር ወደ ሳሎን ወጣች።

አስተርጓሚው ዓለምሰገድ የዳኛዋን ቃል ለትርንጎ በአማርኛ ይነግራታል። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ልጅቱ ከተፈረደባት ዕድሜ ልክ ነው፤ ፍርዱን የሚነግራት ደግሞ የእሱ አፍ ነው! ምነው ዛሬን ባመመኝ አለ በልቡ።

«በስንት ሰዓት ወጣሽ?» ዳኛዋ ጠየቀች።

«በሰባት። ጋሼ ምሳቸውን በልተው ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አምቡሊ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ኑሪያ ጋ ሄጄ እዚያው ዋልኩ።»

«ከመውጣትሽ በፊት የመጨረሻ ሥራሽ ምን ነበር?»

«ኤሲውን አጥፍቼ ባልዲውን ደፋሁ።»

ዐቃቤ ሕጉ ሳቀ። «የባልዲ ነገር ምን ያደርግልናል? ሐኪሙ ሬሳው ቀዝቅዟል፣ የሞተው ከሰባት በፊት ነው ብሏል። እሷ ደግሞ እስከ ሰባት እዚህ ነበረች።»

ማዕከላዊ ገበያ ባለው ሱቅ የሟቹ ሸሪክ የነበረው ደስታው ተራውን ቀጠለ። «በሰባት ተኩል መጥቼ አንኳኳሁ። ኤሲው ሲጮኽ ሰምቼ፣ ተኝቷል ብዬ ተመለስኩ። በአሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ በቁልፌ ከፈትኩ። ክፍሉ በረዶ ሆኗል። ምንም ሳልነካ ፖሊስ ጠራሁ።»

ዳኛዋ መቀመጥ አቃታት። ትንቆራጠጣለች፣ ሰዓቷን ታያለች።

«ክብርት ዳኛ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ዓለምሰገድ ቀስ ብሎ።

«እስከ አሥራ አንድ ይታገሡኝ። እዚህ አገር ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች መጥተው አይፈርዱልኝም፤ ፈራጇ እኔ ብቻ ነኝ። ብፈርድባት ለምን እንደፈረድኩ በእጄ ጽፌ ልፈርም ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አንድ ፎቶ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።»

አሥራ አንድ ሲሆን ሁሉንም ወደ መኝታ ክፍሉ አስገባቻቸው። ባልዲው ሞልቶ ፈሷል፤ ውሃው የዐቃቤ ሕጉን ጫማ አራሰው። ዳኛዋ ፖሊስ በዚያን ቀን ያነሳውን ፎቶ አሳየቻቸው። ያው ባልዲ ነው፣ ግን ግማሽ ብቻ፤ ወለሉም ደረቅ ነው።

«ቀጠሮውን በዓመቱ በዚያው ወበቅ ያደረግኩት ውሃው እኩል እንዲንጠባጠብ ነው» አለች። «በአራት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ የሚፈስ ባልዲ ግማሽ ከሆነ፣ ኤሲው የተከፈተው ቢፈጥን በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«መሃል ላይ ተደፍቶ ቢሆንስ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ማን ይደፋዋል? ትርንጎ አምቡሊ እንደነበረች ኑሪያ መስክራለች። አቶ ደስታውም ምንም አልነካሁም ብለዋል። እሺ፣ በዘጠኝ ማን ከፈተው? ሟቹ ከሆነ በዘጠኝ በሕይወት ነበር። ገዳዩ ከሆነ ደግሞ ገዳዩ በዘጠኝ እዚህ ነበር። በሁለቱም ትርንጎ የለችም። ሬሳውን ያቀዘቀዘው ኤሲው ነው፤ ሐኪሙንም ያሳሳተው እሱ ነው።»

ወደ ደስታው ዞረች። «እርስዎ በሰባት ተኩል ሲጮኽ የሰሙት ኤሲ ገና አልተከፈተም ነበር። የሬሳው ሰዓት እንዲሳሳት አስበው ከፈቱት። ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ግን አላሰቡም፤ በዕድሜዎ አንድ ባልዲ ደፍተው አያውቁማ!»

ደስታው ላብ አጠመቀው። «ሱቁን ዘግቶ ድሬዳዋ ሊገባ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ሃያ ዓመት የቆምኩበትን ሱቅ! ለመንኩት እኮ፣ አልሰማኝም!»

ፖሊሶቹ ያዙት። ዳኛዋም የትርንጎን ካቴና አስፈታች። «ነፃ ናት፤ የምጽፈው ይህንን ነው» አለች።

ዓለምሰገድ ሊተረጉም አፉን ከፈተ፣ እንባው ቀደመው። «ልጄ... ነፃ ነሽ።»

ትርንጎ የሰማች አልመሰለችም። ወለሉን የሞላውን ውሃ አየችና እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ የባልዲውን እጀታ ያዘች።

ዳኛ ኻሊዳ ፈጠን ብላ እጇን ይዛ ተናገረቻት፤ ዓለምሰገድም ተረጎመ።

«ተይው፣ አትድፊው። ምስክርሽ እኮ ነው።»