ከግንቡ ማዶ

ኦንዲና ፉርላን የሞተችው በጠራራ ፀሐይ፣ ስልሳ ሴቶች ጠጠሩ ላይ ተዘርግተው በሚሞቁበት ሰዓት ነው። አንዷም አላየችም። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ፀሐይ ለመሞቅ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ምን ያደርጋል?

በጣሊያኗ የወደብ ከተማ በትሪየስቴ ያለው የድሮ የባሕር መዋኛ ሦስት ሜትር በሚሆን ነጭ ግንብ ለሁለት ተከፍሏል። ከግንቡ ወዲህ ሴቶች፣ ከግንቡ ወዲያ ወንዶች። ሃምሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እንኳ በሩ ላይ ተለያይተው ይገባሉ። አንዳንድ አዋቂ ነን ባዮች ግንቡ ይፍረስ ካሉ ሰነበቱ፤ ምክር ቤቱም ነገ ድምፅ ሊሰጥበት ነው። የሰባ አንድ ዓመቷ ኦንዲና እንግዶችን በአንድ ቀን ከተማውን በእግር የምታዞር አስጎብኚ ነበረች። ግንቡ እንዳይፈርስ የአራት ሺህ ሴቶች ፊርማ ያሰባሰበችውም እሷ ነች።

ኢንስፔክተር ፉልቪያ ኮሱታ ሬሳውን ጎንበስ ብላ አየች። ኦንዲና በጀርባዋ ወድቃለች። አናቷ መሀል ለመሀል ተፈንክቷል፤ አጠገቧ ደም የነካው ድንጋይ አለ። ፎጣዋን በሁለት እጇ ግራና ቀኙን እንደያዘች ነው።

አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ከመሀል አገር ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤ ሊገባ ሲሞክር ሴቶቹ በጩኸት መልሰውታል።

«ግልጽ ነገር ነው» አለ። «ወንድ እዚህ አይገባም፤ ስለዚህ ገዳይዋ ሴት ናት። ጠባቂዋ ዞራ ክራቮስ ጠዋት ከሟች ጋር ተጣልታለች፣ እጇም ደም በደም ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

ዞራ ቁመቷ ከሰው ትከሻ የማያልፍ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። እጇን እንኳ አልታጠበችም።

«ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ደሟ ይንካኝ እንጂ! ጓደኛዬ አይደለችም እንዴ?»

«ጠዋት የተጣላችሁት በምንድነው ሲኞራ ዞራ?»

«ፊርማውን ለወንድሟ ልጅ ለምን ሰጠሽ ብያት ነው። ለዱይሊዮ። ማዘጋጃ ቤት አስገብቻለሁ ይላል፣ ደረሰኙ የለም። ‹የወንድሜን ልጅ አታሚብኝ፤ ከምሳ በኋላ ራሴ ሄጄ ደረሰኙን አመጣልሻለሁ› ብላ ጮኸችብኝ።»

«ይህን ለአለቃዬ ነግረውታል?»

«ያልያዝኩትን ሰው ሌባ አልልም። እስር ቤት ብገባም አልልም። አሁን ዞር በይልኝ፣ ሻወሩን ላጥብ። የምዘጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

ፉልቪያ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ዞራ ካቴና እየጠበቃት ስለ ሻወር ታስባለች።

ፉልቪያ፣ ኦንዲና የት ላይ እንደወደቀች ለወንዶቹ እንዳይነገር አዘዘችና ወደ ማዶ አለፈች። ቀትር ላይ ሰዉ ለምሳ ሲወጣና ሲገባ ነበር፤ አሁን እዚያ የቀሩት የበሩ ጠባቂና፣ ለአዲስ መዋኛ ሥራ ግንቡን ሲለካ የዋለው አርክቴክት ሊቪዮ ባቲስቴላ ናቸው። ዱይሊዮ ደግሞ የአክስቱን መሞት ሰምቶ ገና መድረሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዓይኑ የቀላ ወጣት።

«ጠዋት ከእንግዶቹ ጋር አብረን ነበርን» አለ። «ቀትር ላይ እሷ ለመዋኘት ወደዚህ መጣች፣ እኔ እንግዶቹን ምሳ አበላሁ። ኢንስፔክተር፣ ማነው የገደላት?»

«ለማወቅ አንድ ቀን ከተማ ማየት ሳይኖርብኝ አይቀርም» አለች ፉልቪያ።

የቀልዷን አልነበረም። የኦንዲናን የጠዋት መንገድ በእግሯ ጀመረችው። ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ነው፣ ግን እንዲህ እንደ እንግዳ አይታው አታውቅም። ባሕሩ ያንጸባርቃል፣ ሰዉ ወደ ባሕሩ በገባው የድንጋይ መድረክ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይበላል። ኦንዲና ይህን ሁሉ ከእንግዲህ አታየውም። ከባሕሩ ወደ ከተማው በሚገባው ቦይ ዳር የመንገዱ ንጣፍ እየተቀየረ ስለሆነ አራት ማዕዘን ድንጋይ ተከምሯል። ፉልቪያ አንዱን አንስታ በእጇ መዘነችው። ሬሳው አጠገብ የነበረው ድንጋይም ጠርዝ ነበረው፤ የመዋኛው ጠጠር ግን ባሕር ያሞለሞለው ድቡልቡል ነው።

እንግዶቹን የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ከሚሸጥበት ቤት አገኘቻቸው፣ ከመዋኛው የአሥር ደቂቃ መንገድ። ከቶሪኖ የመጡ ሽማግሌ ከነባለቤታቸው አሁንም የወይን ብርጭቋቸውን ይዘዋል።

«ዱይሊዮ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ባለቤቴ ሎሚ ስትል ብድግ ብሎ ሄደ።»

«ወዲያው ተመለሰ?»

«ኧረ ምን! ሥጋው ቀዘቀዘ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ባዶ እጁን መጣ። ይሄ ከተማ ሎሚ የለውም እንዴ?»

ፉልቪያ በሩጫ ተመለሰች። ከሴቶቹ አንጋፋ የሆነችው ኔሪና ፊት ቁጢጥ አለች።

«ሲኞራ ኔሪና፣ ቀትር ላይ ምን ሰሙ?»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ምንም።»

«ከግንቡ ማዶ የተጣራ ሰውስ?»

«እሱማ ሁልጊዜ ነው! የኔው ሰውዬ ቁልፍ ይወረውራል፣ የዚችኛዋ ኮክ ይወረውራል። እሱም ወሬ ሆኖ ይወራል?»

«ለኦንዲናስ?»

ኔሪና ቀስ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የወትሮ ቦታዋን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ለቅቃ ነበር፤ አንዱ ‹ያዢ!› አላት። እሷም ‹ዛሬ ሻወሩ ጋ ነኝ፣ ወርውር!› አለች። አምላኬ! እኔ እኮ ፊቴን እንኳ አላዞርኩም።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ፉልቪያ መሰላል አስደግፋ ግንቡ ጫፍ ላይ ወጣች። በስተግራዋ ስልሳ ሴቶች፣ በስተቀኟ አለቃዋና ሦስቱ ወንዶች። ለሦስቱም አንድ አንድ ኮክ አስያዘቻቸው።

«ጉልበታችሁን ልፈትን ነው። ኦንዲና ወደነበረችበት ቦታ ወርውሩ። ዱይሊዮ፣ ጀምር።»

ዱይሊዮ ከሻወሩ ትይዩ ወዳለው የግንቡ ጫፍ ሮጥ ብሎ ሄዶ በደካማ ክንድ ወረወረ። ኮኩ ግንቡን መትቶ ተመለሰ። ቀጥሎ ጠባቂው ተራው ደረሰ፤ ግራ እንደገባው ዱይሊዮን አየት አድርጎ፣ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዞ ሴቶቹ ወደ ባሕር ከሚወርዱበት መሰላል ትይዩ እስኪደርስ ሄደ። ባቲስቴላም ተከተለው።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለች ፉልቪያ።

«ወደ ቦታዋ ነዋ!» አለ ባቲስቴላ። «አርባ ዓመት የባሕሩ መሰላል ሥር ስትቀመጥ የማያውቅ ማን አለ?»

«ዛሬ ግን ቦታዋን ለነፍሰ ጡር ለቃ ሻወሩ ጋ ነበረች። ከወንዶቹ ወገን ይህን የሚያውቅ፣ ‹ሻወሩ ጋ ነኝ› ስትል የሰማት ብቻ ነው። ዱይሊዮ፣ ለክንድህ ስትጠነቀቅ እግርህን ረሳኸው።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ አለቃዋ።

«የዋና ልብሷም ፎጣዋም ደረቅ ነበር፣ ስለዚህ ሰውነቷን እየጠራረገች አልነበረም። ፎጣ በሁለት እጅ የሚዘረጋው የሚወረወር ነገር ለመቀበል ነው፤ ይህን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል። ዞራ አናቷን ለመምታት ወንበር ያስፈልጋት ነበር። ድንጋዩ ከቦዩ ዳር የመጣ ነው፣ እሱ ጠዋት እዚያ ነበር። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ሎሚ ፍለጋ ጠፍቷል። ሲኞር ባቲስቴላ፣ አራቱ ሺህ ፊርማ የት ነው?»

አርክቴክቱ ላብ አጠመቀው። «እኔ ጋ ነው። ዱይሊዮ አመጣልኝ። አዲሱ መዋኛ ሲሠራ ኃላፊ እንዲሆን ቃል ገብቼለት ነበር። ግን ይህን... ይህን አላሰብኩም!»

ዱይሊዮ ግንቡ ሥር ቁጭ አለ። «ደረሰኙን ላመጣ ነው አለችኝ። ነገ ከተማው ሁሉ ሊተፋኝ ነው። ፎጣዋን ዘርግታ ‹ወርውር› አለችኝ።»

ከሴቶቹ በኩል ዞራ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ዱይሊዮን ሲወስዱት ባቲስቴላ ራሱን ነቀነቀ። «ለዚህ ሁሉ መንስኤው ይሄ ግንብ ነው። አሁንስ መፍረስ አለበት።»

«ያንተ ቃል ነው የገደላት!» አለች ዞራ ከማዶ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ግንቡማ ቆሟል። ፊርማውንም አምጣ!»

«መዋኛው የወንጀል ቦታ ነው፤ ይዘጋ!» አለ አለቃው። «ፊርማውም ማስረጃ ነው፤ ከኔ እጅ አይወጣም።»

ዞራ ግድግዳው ላይ ያለውን የመግቢያ መዝገብ ገንጥላ ባዶ ገጽ አወጣችና ‹ግንቡ አይፍረስ› ብላ ጻፈችበት። ስልሳዎቹ ሴቶች የሰበሰቡትን ፎጣ መልሰው አነጠፉ። ኔሪና ፈረመች፣ ነፍሰ ጡሯ ፈረመች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ፉልቪያ የቆመችበት መሰላል ሥር ደረሰ።

«ኮሱታ!» አለ አለቃዋ። «በሥራ ላይ ነሽ፣ እንዳትነኪው!»

ፉልቪያ ከመሰላሉ ጎንበስ ብላ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ስሟን ከነማዕረጓ ጻፈች።